የአንገትና የእጅ ቀዶ ሕክምና፦ አቻ ታካሚ ስትፈልጉ ልብ በሉ

ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው በዚያው መንገድ ያለፈ ሌላ ታካሚ ማነጋገር አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ሐኪም ሊመልሳቸው የማይችል ጥያቄዎች አሉ፦ እንዴት ትተኛለህ? ፀጉርህን በምን ትታጠባለህ? መቼ ነው ፍርሃቱ የሚለቅህ? ነገር ግን የተመደበው አቻ በዚያው መንገድ ያላለፈ ከሆነ ድጋፉ ራሱ ያሳምማል። እኔ አንገቴንም እጄንም ተቀድጃለሁ። ለአንገቴ የተሰጠኝ አቻ ፈጽሞ የማይገጥመኝ ሰው ነበር፤ ለእጄ ግን የሚገጥመኝን ራሴ ፈልጌ አገኘሁ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ሰው ይህን ልዩነት ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ጭንቀት ይቀርልኝ ነበርና ለቀጣዩ ልጽፈው ወሰንኩ።

ነገሩ የጀመረው በጣቶቼ ነው። ሌሊት ሌሊት አውራ ጣቴ፣ አመልካች ጣቴና የመሀል ጣቴ እየደነዘዙ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሱኝ ጀመር። ካርፓል ተነል ነው ተባለ፤ በእጅ አንጓ ላይ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሚዲያን የተባለው ነርቭ ሲጨመቅ የሚመጣ ችግር ነው። የነርቭ ምርመራውም ይህንኑ አረጋገጠ። ሆኖም የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እያቃተኝ ሲመጣ፣ ደረጃ ስወርድም እግሬ አልታዘዝ ሲለኝ ሌላ ነገር እንዳለ ታወቀ፤ ካርፓል ተነል እግርን አይነካምና። የአንገት ኤምአርአይ ተነሣሁ። በአንገቴ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ፣ ማለትም ለስላሳው ትራስ፣ ወደ ኋላ ወጥቶ ሕብለ ሰረሰሬን፣ በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደውን ዋናውን የነርቭ ገመድ፣ ተጭኖታል። ሐኪሙ አንገቱ እንዲቀድም ወሰነ፤ ሕብለ ሰረሰር የተጎዳው ሁሉ ስለማይመለስ መጠበቅ አያስፈልግም፣ እጁ ግን ጥቂት ይታገሣል አለኝ። የደም ምርመራው፣ የማደንዘዣ ባለሙያው ጥያቄዎች፣ የስምምነት ፊርማው ሁሉ ያለ እንከን አለፈ።

ያበሳጨኝ የታካሚዎች አገልግሎት ቢሮው ነው።

የአቻ ድጋፍ እንደሚሰጡ ሰምቼ በደስታ ሄድኩ። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥኖች ነበሩ፤ አንዱ «አከርካሪ» ይላል፣ ሌላው «እጅ»። ሁለቱም ይመለከተኛል ብል ሠራተኛው አንዱን ብቻ እንድመርጥ ነገረኝ። አከርካሪን መረጥኩ፤ ወዲያው የአንድ አዛውንት ስልክ ተሰጠኝ። አዛውንቱ እጅግ ደግ ሰው ነበሩ፤ በእሳቸው ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። «ልጄ፣ አይዞሽ» አሉኝ። «ከማደንዘዣው ስነቃ እግሬን ሲቆራርጠኝ የነበረው ሕመም የለም። በማግሥቱ ኮሪደሩን ስመላለስ አዩኝ። አንቺም እንዲሁ ነሽ፤ ጣቶችሽ ወዲያው ይፈታሉ።» ከዚያች ቀን ጀምሮ ያንን ቃል ይዤ ነው የተኛሁት። ሐኪሙ «የዚህ ቀዶ ሕክምና ዋና ዓላማ ጉዳቱ እንዳይብስ ማስቆም ነው፤ መሻሻሉ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ላይሟላም ይችላል» ብሎኝ ነበር። ግን ከብዙ ማብራሪያ መካከል የተነገረች አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ያለፈበት ሰው ረጋ ብሎ በስልክ ከሚነግርህ ተስፋ ጋር አትወዳደርም። ፍርሃት ላይ ያለ ሰው የሚሰማው የትኛውን እንደሆነ ቢሮው ሊያውቅ ይገባው ነበር፤ ሥራው ነውና።

ስነቃ ጣቶቼ እንደነበሩ ናቸው። ደንዝዘዋል፣ አይታዘዙም። በዚያ ላይ ውኃ ስጎነጭ ጉሮሮዬ እንደ ተዘጋ በር ሆነብኝ፤ ድምፄም ሰልሎ የራሴ አልመስል አለኝ። አዛውንቱ ስለዚህ ምንም አልነገሩኝም፤ የእሳቸው ጠባሳ ጀርባቸው ላይ፣ የእኔ ደግሞ ከፊት አንገቴ ላይ ነውና ከየት ሊያውቁት ይችላሉ? ማታ ደወልኩላቸው። ደነገጡ። «እኔ እንዲህ አልሆንኩም ልጄ፤ አንድ ነገር ተበላሽቶ ይሆናል፣ ቶሎ ንገሪያቸው» አሉኝ። ቀዶ ሕክምናው ከሽፏል ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ። በጠዋት ተረኛዋ ነርስ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነገሩን አስረዳችኝ። በፊት በኩል ሲገባ የምግብና የአየር ቧንቧው ወደ ጎን ተገፍቶ ስለሚያዝ፣ የመዋጥ ችግርና የድምፅ መጎርነን ለቀናት ወይም ለሳምንታት መቆየቱ የተለመደ ነው። ሕብለ ሰረሰርም ጫናው ስለተነሣለት ብቻ በአንድ ሌሊት አይድንም፤ ማገገሙ የወራት ጉዳይ ነው። ድምፄም ጉሮሮዬም በኋላ ተመለሱ። ያቺ ሌሊት ግን ያለ ምክንያት የተከፈለች ዋጋ ናት፤ አሁንም ሳስባት ያናድደኛል።

የአዛውንቱ ቀዶ ሕክምና ምን እንደነበረ የተረዳሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ከታችኛው ጀርባቸው የወጣ ዲስክ የነርቭ ሥር፣ ማለትም ከአከርካሪ ወጥቶ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ መነሻ፣ ተጭኖባቸው ነበር። እንዲህ ያለው ጫና ሲነሣ የእግር ሕመሙ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይረግባል፤ እውነታቸውን ነው የነገሩኝ። የእሳቸው ሕመምን ለማስታገሥ የተደረገ ነው፣ የእኔ ደግሞ ጉዳትን ለማስቆም። ሁለቱን ቢሮው በአንድ ሣጥን ውስጥ ከተታቸው።

ድኜ ስመለስ ወደ ቢሮው ሄጄ ጠየቅኩ። «ሁለቱም አከርካሪ ነው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት ለምን አትጠይቁም ብል፣ የታካሚ ምስጢር ነው ተባልኩ። ይህ መልስ ከሁሉም በላይ አስቆጣኝ። አቻ ለመሆን የፈቀደ ሰው ስልኩን ሰጥቷችኋል፤ ምን እንደተደረገለት ቢጠየቅ ይከፋዋል? ፈቃዱን ጠይቁትና ይወስን። ምስጢር ታካሚን ለመጠበቅ የተደነገገ ነገር ነው፤ ሥራን ለማቅለል ሲጠራ ግን ታካሚው ሳይጠበቅ ይቀራል።

ለእጄ ሲደርስ ወደ ቢሮው አልሄድኩም። የፊዚዮቴራፒ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ለአንገቴ ስመላለስ ከሰዎች ጋር ተግባብቼ ነበር፤ እነሱን እየጠየቅኩ ትክክለኛዋን ሰው አገኘሁ። እሷም አንገቷንም እጇንም የታከመች ናት። ከእኔ ፊት ተቀምጣ ጡጫዋን ትጨብጥና ትዘረጋ ነበር፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ ጤናማ ሰው 20 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ማድረግ ይችላል፣ ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ግን ጣቶቹ ይተሣሠሩበታል። እኔም አብሬያት ሞከርኩ፤ ከቁጥሩ በእጅጉ አነስኩ። «እኔም ስጀምር እንዲሁ ነበርኩ እህቴ» አለችኝ፤ ከወራት በፊት የት እንደነበረችና አሁን የት እንደደረሰች በጣቶቿ አሳየችኝ። የትኛው መደንዘዝ ከአንገት፣ የትኛው ከእጅ አንጓ እንደሚመጣ ለመለየት የምንቸገር ሰዎች ለብቻችን እንዳልሆንን ያወቅኩትም ከእሷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት ሐኪሞች አንድ ቦታ ላይ የተጨመቀ ነርቭ በሌላ ቦታ ለሚደርስበት ጫና ይበልጥ ይጋለጣል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቅጹ ግን አንገትና እጅ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ እንኳ አያውቅም።

ምክሯ ሁሉ በተግባር የሚውል ነበር። ከቀኑ በፊት በሌላኛው እጅ ብቻ መልበስንና መታጠብን እንድለማመድ፣ ቀለበት አስቀድሜ እንዳወልቅ፣ ከዚያም እጄን ከልቤ ከፍ አድርጌ እንድይዝና ጣቶቼን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዳንቀሳቅስ ነገረችኝ። ቀዶ ሕክምናው እጅን ብቻ በሚያደነዝዝ ማደንዘዣ በአጭር ጊዜ አለቀ። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ይህ ነው፦ ከወንበር ልትነሺ መዳፍሽን ተደግፈሽ ስትገፊ፣ በመዳፍሽ ሥር ከጠባሳው ግራና ቀኝ ያምምሻል፤ የመጨበጥ ኃይልሽም ለወራት ይደክማል፤ ይህ የተበላሸ ነገር አይደለም። በተባለው ጊዜ በተባለው ቦታ አመመኝ። ሕመሙ ያው ሕመም ነው፤ ፍርሃት ግን አልነበረበትም። የሌሊቱ መንዘር ቶሎ ተወኝ። የጣቶቼ ጫፍ መደንዘዝ ግን ቀስ እያለ ነው የሚለቀኝ፤ የተጎዳ ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና።

በዚያው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ጣቱን የሚያጥፈው ጅማት ተቆርጦ የተሰፋለት ወጣት ነበር። «ለሳምንታት ምንም ነገር እንዳትጨብጪ፣ ጣትሽንም በራስሽ ኃይል እንዳታጥፊ» ብሎ በቅንነት መከረኝ። ለእሱ ትክክል ነው፤ የተሰፋ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደካማ ነው፣ ከተጫኑት ይበጠሳል፣ እንቅስቃሴውም በባለሙያ የተለካ መሆን አለበት። እኔ ያንን ብከተል ጣቶቼ ይደርቁብኝ ነበር። እሱ ደግሞ የእኔን ቢከተል ስፌቱ ሊበጠስ ይችላል። ሁለታችንንም ግን ቅጹ «እጅ» ብሎ በአንድ ሣጥን ያስገባናል።

ቢሮው ለአቻ ታካሚዎች የሚሰጠው መመሪያ «አሉታዊ ተሞክሮ አታካፍሉ» ይላል። በዚህ አልስማማም። ከሁሉ ያረጋጋኝ ቀዶ ሕክምናው እንዳሰበው ያልሆነለት ሰው ነው። አንገቱ ከታከመ በኋላም እጁ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ በወፍራም እጀታ ማንኪያ እንዴት እንደሚበላ፣ ሥራውን እንዴት እንደቀየረ፣ በምን እንደተናደደና ማን እንደረዳው ሳይደብቅ ነገረኝ። የምፈራው ነገር መልክ አገኘ፤ ቢደርስብኝም ኑሮ እንዳለ አየሁ። መልካም መልካሙን ብቻ የሚሰማ ታካሚ፣ ነገሩ ሲጎድልበት ብቻውን የቀረ ይመስለዋል። ለዚህ ነው አንድ ሰው ብቻ አይበቃም የምለው። በቅርቡ የታከመ ያስፈልጋል፣ ትኩስ ትኩሱን ያስታውሳልና፤ ዓመት ያለፈው ያስፈልጋል፣ መጨረሻውን ያውቃልና፤ ያልተሳካለትም ያስፈልጋል።

መመሪያውን የምደግፍበት ቦታም አለ። «ልቀደድ ወይስ ልተው?» የሚለውን አቻ አይወስንም። የመድኃኒት መጠንም ከአቻ አይጠየቅም፤ ለእኔ የታዘዘው ማስታገሻ አጥንቱ መግጠም ላለበት ሌላ ሰው ላይፈቀድ ይችላል። አንዳንድ ምልክቶች ደግሞ ለአቻ መደወያ ጊዜ እንኳ የላቸውም። እግር በድንገት ሲደክም፣ ሽንት እምቢ ሲል ወይም ሳያውቁት ሲያመልጥ፣ በመቀመጫና በጭን መካከል ስሜት ሲጠፋ፣ ከአንገት ቀዶ ሕክምና በኋላ አንገት እያበጠ መተንፈስ ሲከብድ፣ ከእጅ ቀዶ ሕክምና በኋላ ጣቶች ሲቀዘቅዙና ሲጠቁሩ ወይም ከፋሻው ሥር ሕመሙ እየባሰ ሲሄድ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። እኔ አሁን ለሌሎች አቻ ስሆን ስልኩን አንሥቼ መጀመሪያ የምጠይቀው እነዚህን ነው። አንዱ እንኳ ካለ «አይዞሽ» አልልም፤ «ዝጊውና ሂጂ» እላለሁ።

ለቢሮው አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቼ ሰጥቻለሁ፤ «ይታያል» ብለውኛል። ገና አልተቀየረም። እስኪቀየር ድረስ ስልክ ቁጥር ሲሰጣችሁ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የተነካው ምንድን ነው፣ ሕብለ ሰረሰር፣ የነርቭ ሥር፣ የእጅ ነርቭ ወይስ ጅማት? በየት በኩል ነው የተከፈተው? ሐኪሙ ዓላማው ምንድን ነው አለዎት፣ ማስታገሥ ወይስ ማስቆም? የራሳችሁን መልስ ከሐኪማችሁ ተቀብላችሁ አስቀድማችሁ ጻፉት። ካልገጠመ ሰውየውን አመስግናችሁ ሌላ አቻ እንዲፈለግላችሁ ጠይቁ፤ ሠራተኛው ቢሰለችም ድጋሚ ጠይቁ።