ሰባት ቤት ቆጠራ በሴንት ፖል

ሚኒሶታ ኮሌጅ እማር በነበረበት ጊዜ ሴንት ፖል በሚገኝ አንድ የአረጋውያን ማዕከል ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ የሞንግ እናቶችንና አባቶችን በበጎ ፈቃደኝነት አስጠና ነበር። ሞንጎች ከላኦስ ተራሮች የመጡ ሕዝብ ናቸው። በቬትናም ጦርነት ዘመን ብዙ ወንዶቻቸው በሲአይኤ ተመልምለው ከአሜሪካ ጎን ስለተዋጉ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ኮሚኒስቶች አገሪቱን ሲቆጣጠሩ የሜኮንግን ወንዝ ተሻግረው ወደ ታይላንድ መጠለያዎች ተሰደዱ፤ ከዚያም ብዙዎቹ አሜሪካ ገቡ።

ፈተናው በዚያን ጊዜ ከ100 ጥያቄዎች እስከ 10 ተጠይቆ 6ቱን መመለስ የሚያሳልፍ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛውን የሚያውቀው፣ የአገሩን ሕግ የሚያስረዳው፣ ባለአገሩ እኔ ነበርኩ። በኮሌጁ ግቢ አፍሪካዊ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደግሞ «እዚህ ያደገ ልጅ» የምባለው ሰው በእነርሱ ዓይን አሜሪካዊ ሆኜ መቆሜ ደስታም ጭንቀትም ነበረው።

አንድ ቀን ጥልፍ የሚጠልፉ አንዲት አዛውንት እናት በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። አገሬን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የፈለጉት ጎሳዬን ነበር። በአሜሪካ የሚኖሩ ሞንጎች 18 ያህል ጎሳዎች አሏቸው፤ ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ አስቀድመው ጎሳ ይጠያየቃሉ፤ የአንድ ጎሳ ልጆች ምንም ያህል ቢራራቁ እንደ ወንድምና እህት ስለሚቆጠሩ አይጋቡም።

እኔ ጎሳ የሚለውን ቃል ስሰማ እሸማቀቅ ነበር። ይህ ጥያቄ በአገራችን ስንቱን ከቤቱ እንዳፈናቀለና ስንቱን ቤት በሐዘን እንደዘጋ እናውቃለን። እኚህ እናት ግን የጠየቁኝ የት እንደሚያስጠጉኝ ለማወቅ ነበር። ስለዚህ ወሎ ያሳደገችኝ አያቴ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ አይታሰብም ትል እንደነበር አስረዳኋቸው። እርሳቸውም መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክተው «እንግዲያው ቁጠር» አሉኝ። ጨርቁ ላይ በሰማያዊ ክር የተጠለፈ ወንዝ፣ በቀርከሃ እየተንሳፈፉ የሚሻገሩ ትንንሽ ሰዎችም ይታያሉ። የእኔን፣ የአባቴን፣ የአያቴንና የቅድመ አያቴን ስም በጣታቸው እየያዙ ተቀበሉኝ። ከዚያ በላይ አልነበረኝም።

በዚህ አገር በሞላኋቸው ቅጾች ሁሉ ማንነቴ የሚጠየቀው በቆዳ ቀለምና በትውልድ አገር ነው። በሐበሻው መካከልም ቢሆን አማርኛ መናገሬና ዓውደ ዓመት ማክበሬ ይበቃ ስለነበር፣ የማን ልጅ የማን የልጅ ልጅ እንደሆንኩ ቆጥሬ እንድናገር ያዘዘኝ አልነበረም። በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ከአገልግሎት በኋላ ስለ ሌላው ሕዝብ ባህል ምን እንደተማሩ ይጻፉ ይባላሉ። እኔ ግን ሰው ለማገልገል በሄደበት ቤት የሚጠየቀውን ጥያቄ ከሁሉ አስበልጦ ሊያስብበት ይገባል እላለሁ፤ ጠያቂው በራሱ ሚዛን ስለሚመዝነው፣ የተጠያቂው ወገን ከልምድ የተነሳ የሚያልፍለትን ጉድለት ያይበታል።

የዚያኑ ዕለት ማታ እናቴን ጠየቅኳት። አምስተኛውን ወዲያው ነገረችኝ፤ ለቀሩት ደሴ ያሉት የአባቴ ወንድሞች ዘንድ ተደወለ። እነርሱም በስድስተኛው ሰው እስካሁን አልተስማሙም፤ ታላቁ የወረኢሉ ሰው ናቸው ሲል፣ ታናሹ ከቦረና የመጡ ናቸው ብሎ ይሞግታል።