የኑዛዜ ምስጢር የአስተዳደር መሸፈኛ አይደለም

ተናዛዥ ለካህኑ የነገረው ኃጢአትና መሪዎች ስለ ገንዘብ ወይም ስለ አገልጋይ ጥፋት የሚያውቁት ነገር በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የመጀመሪያው የተናዛዡ ነው፤ ካህኑ አደራ ተቀባይ ብቻ ነው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ቁጥር 983 ይህ ምስጢር ፈጽሞ አይደፈርም፤ በቀጥታ ያወጣ ካህን ወዲያውኑ የተወገዘ ይሆናል። ሁለተኛው ግን የምእመናኑም ጉዳይ ነው። ገንዘቡን የሰጡት፣ ልጆቻቸውን ያመጡት እነርሱ ናቸውና። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ፖፕ ፍራንሲስ በካህናት የወሲብ ጥቃት ክሶች ላይ የነበረውን የጳጳሳዊ ምስጢር ግዴታ፣ ማለትም የቫቲካንን ጥብቅ የምስጢር ደንብ፣ ሲያነሡ የኑዛዜውን ምስጢር አልነኩም። ልዩነቱ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከሁሉ የሚከፋው ጥፋተኛ አገልጋይ ከኃላፊነቱ ሲነሣ የሚነገረው ነው። «በግል ምክንያት አገልግሎታቸውን አቁመዋል» ይባላል፤ ሰውየውም የምስጋና ደብዳቤ ይዞ ወደ ሌላ ማኅበር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካዋ ከተማ በቦስተን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተጋለጠው ይኸው ነበር፦ የተከሰሱ ካህናት ከደብር ወደ ደብር ሲዛወሩ ተቀባዮቹ ምእመናን ምንም አልተነገራቸውም። ወንጀል ከሆነ ለፖሊስ ማመልከት ይቀድማል። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ለጉባኤው በጽሑፍ የሚነበበው ማስታወቂያ ማን ከየትኛው ኃላፊነት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በማን ውሳኔ እንደ ታገደ፣ ክሱ የምን ዓይነት እንደ ሆነ (የገንዘብ፣ በሕፃን ላይ የደረሰ ጥቃት)፣ ጉዳዩ ለፖሊስ መድረሱንና ሌላ ተጎጂ ቢኖር ለማን እንደሚናገር ይይዛል። ገና ያልተጣራውን «ተከሷል» እንጂ «አድርጓል» አይልም። የተጎጂው ስም፣ ዕድሜ፣ ቤተሰብ፣ ማንነቱን የሚያስገምት ቦታም ሆነ ቀን አይገባበትም። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ሐሜት ክፍተቱን ይሞላል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚጎዳው ተበዳዩ ነው።

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይጠቀሳል። የበደለህን ወንድምህን ብቻህን ውቀሰው፣ ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ ካልሰማም ለቤተ ክርስቲያን ንገር ይላል። መሪዎች ሁለተኛው ላይ ይቆማሉ፤ ሦስተኛው እንዳልተጻፈ ይታለፋል። የተጠቃ ሕፃንን ወይም ወላጆቹን «መጀመሪያ ብቻችሁን አነጋግሩት» ማለትማ ሥርዓቱን በተጎጂው ላይ ማዞር ነው።

በገንዘብ በኩል በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 መሬቱን ሸጦ ከዋጋው ከፊሉን ያስቀረው የሐናንያ ታሪክ በደንብ ሊነበብ ይገባል። ጴጥሮስ መሬቱም ሆነ ዋጋው በእጁ እንደ ነበረ ነግሮታል፤ የወቀሰው ከፊሉን ሙሉ አስመስሎ በማቅረቡ ነው። ጠቅላላ ድምሩ ትክክል የሆነ ሪፖርትም እንዲሁ ሊዋሽ ይችላል፤ ለሕንፃ የተሰበሰበው ለደመወዝ ወጥቶ «ጠቅላላ ወጪ» ውስጥ ሲደበቅ። ስለዚህ ለተለየ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብ ገቢው፣ ወጪውና ቀሪው ለብቻው ይነገር። መባው በዚያው ቀን ዝምድና በሌላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይቆጠር፤ ልኩ በአኃዝና በፊደል ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ቆጣሪው መዝገብ ያዥ አይሁን።

የጸሎት ጥያቄም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባለቤቱ ሳይጠየቅ ሕመሙ ወይም የትዳሩ ችግር በጉባኤ ፊት አይነሣ። ስሙ እንዲጠራ የፈቀደ ሰው ምክንያቱ እንዲነገር ፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ለየብቻ ይጠየቁ።