በአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መመዘኛዎች ውስጥ የማመዛዘን ቦታ

የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መመዘኛዎች ሲዘጋጁ «ተማሪው ክፍልፋዮችን ይደምራል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን በቂ ነው ብዬ አላምንም። አንድ ልጅ ግማሽንና ሲሶን ደምሮ 2/5 የሚል መልስ ቢያመጣ፣ ተሳስተሃል ብሎ ከማለፍ ይልቅ «2/5 ከግማሽ ያንሳል፤ ታዲያ በግማሽ ላይ ተጨምሮበት እንዴት አነሰ?» ብሎ መጠየቅ ልጁ መልሱን ራሱ እንዲመረምር ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ለመምህሩ በጎ ፈቃድ የሚተው ሳይሆን በመመዘኛው በግልጽ ሊሰፍር የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የወጣው ኮመን ኮር የተባለው የትምህርት መመዘኛ ከዘረዘራቸው 8 የሒሳብ ልምዶች መካከል 3ኛው ተማሪዎች ምክንያት እንዲያቀርቡና የሌሎችን ምክንያት እንዲመዝኑ፣ 5ኛው ደግሞ ተስማሚ መሣሪያ በብልሃት እንዲጠቀሙ ይጠይቃል። እኔ ሁለቱን ለያይቼ ማየት ይከብደኛል።

ካልኩሌተር ክፍል ውስጥ መግባቱ አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ ግምት ሳይቀድመው ሥራ ላይ መዋሉ ነው። 4.9ን በ21 ከማባዛቱ በፊት መልሱ ወደ 100 እንደሚጠጋ የገመተ ተማሪ፣ የአስርዮሽ ነጥቡን ዘንግቶ 1029 ቢያገኝ ወዲያው ይነቃል፤ ያልገመተው ግን ስክሪኑ ያሳየውን ይገለብጣል። ስለዚህ ቴክኖሎጂን የሚጠቅስ እያንዳንዱ መመዘኛ፣ ተማሪው አስቀድሞ ምን እንደሚገምት፣ በኋላም ውጤቱን በምን እንደሚያረጋግጥ አብሮ ሊደነግግ ይገባል። ፈተናው ለግምቱና ለማረጋገጫው ነጥብ እስካልሰጠ ድረስ ግን መምህራን በቂ ጊዜ እንዲሰጡት መጠበቅ አይቻልም።