ያለ መሸኛ መታወቂያ

ደብረ ብርሃን ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። አንድ ማለዳ ከወለጋ ተፈናቅላ ቻይና ካምፕ የሚባለው የተፈናቃዮች መጠለያ የገባች እናት መጣች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች፤ የኛ አገር ብርድ ላልለመደው ይከብዳል። የቀበሌ መታወቂያ ጠይቃ "መሸኛ አምጪ" ተብላለች። መሸኛ የሚጽፈው ደግሞ የለቀቀችው ቀበሌ ነው።

"ወንድሜ፣ ቤት እየተቃጠለ መሸኛ ይጠየቃል እንዴ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

መታወቂያ ከሌላት የባንክ ደብተር አታወጣም፣ ሲም ካርድ አትገዛም፣ ኬላ ላይም ትቆማለች።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ ሦስት ገጽ አደረስኩት። መከራዋን አንድ ሳላስቀር ጻፍኩ። ማንም አላነበበውም። "ነገ ተመለሺ" አሏት። ያ የእኔ ጥፋት ነው፤ ያለቀስኩበትን ወረቀት እንጂ የሚወሰንበትን አልጻፍኩም።

ከዚያ ሕጉን ፈለግሁ። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ድንበር ለተሻገረ ሰው ነው፤ እሷ አገሯ ውስጥ ናት። የእሷ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የካምፓላ ስምምነት ነው፤ አገራቸው ውስጥ ለተፈናቀሉ ሰዎች የወጣ የአፍሪካ ኅብረት ስምምነት። አንቀጽ 13 በመፈናቀል የጠፋ ሰነድ ሲተካ ሰውየው ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመልሶ ያምጣ አይባልም ይላል። ስታነበው ለእሷ የተጻፈ ይመስላል።

ሁለተኛው ማመልከቻ ግማሽ ገጽ ሆነ። የሚያውቋትን ሦስት ሰዎችና የካምፑን ኮሚቴ ደብዳቤ አያያዝን። አብሬያት ሄድኩ። ሠራተኛው "ይሄ የውጭ ሕግ ነው" አለ። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 እንዳጸደቀችው፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገር ሕግ አካል እንደሆነ አሳየሁት። ዝም አለ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገን ቁጥር ተቀበልን። ቁጥር ከሌለው ማመልከቻው እንዳልገባ ነው፤ አሁን ለሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው። እምቢ ካሉም በጽሑፍ ይበሉ።

በአምስተኛው ሳምንት መታወቂያው ወጣ። ፌስታል ውስጥ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

የእርዳታ ካርዱ ግን አሁንም በባሏ ስም ነው። ባሏ ከተለያዩ ጀምሮ የት እንዳለ አይታወቅም። እሱ ካልፈረመ ስንዴውን አይሰጧትም። ያው አንቀጽ 13 ሴት ሰነድ በራሷ ስም የማግኘት መብት አላት ይላል። ማመልከቻውን ሰኞ እናስገባለን።