ሁለቱ የማያነቡ ስሎቶች

ማዘርቦርዴ፣ ማለትም የኮምፒውተሬ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ፣ የሦስት ዓመት ዋስትና አለው፤ ከዚያ ላይ የቀረው ሰባት ሳምንት ብቻ ነው። ልመልሰው ወይስ ከነጉድለቱ ልገልገልበት እያልኩ ሳመነታ አንድ ወር አልፎኛል።

ጨርሶ አልነሳ ቢል ኖሮ ነገሩ ባላከራከረኝ ነበር። ይነሳል፣ ይሠራል፤ ያስቸገረኝም ይኸው ነው። ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት ዲዲአር 4 ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) በመመሪያው መሠረት ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት (የራም መሰኪያ) ላይ ሰክቼ ስሠራ ቆይቼ፣ አንድ ቀን ማለዳ ስከፍተው ኮምፒውተሩ ያለው 8 ብቻ እንደሆነ አሳየኝ። ራሞቹን አቀያይሬ ሞከርኳቸው፤ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን የቦርዱን ሶፍትዌር) አደስኩ፣ ክቧን ባትሪ አውጥቼ መለስኩ፤ ለውጥ የለም። ከፕሮሰሰሩ ራቅ ያሉት ሁለቱ ስሎቶች ምንም ቢሰካባቸው አያነቡም። ሁለቱንም ራም ወደ ቅርቦቹ ስሎቶች ሳዛውራቸው ግን 16ቱም ተመለሰ።

ታዲያ ምን ጎደለብኝ? የጎደለው መንገዱ ነው። ሁለቱ የቅርብ ስሎቶች በአንድ ቻናል (ፕሮሰሰሩና ራሙ በሚገናኙበት መስመር)፣ ሁለቱ የሩቅ ስሎቶች ደግሞ በሌላ ቻናል ይሠራሉ። ራሞቹ በሁለት ቻናል ሲሠሩ መረጃ በ128 ቢት ስፋት ይመላለሳል፤ አንዱ ቻናል ላይ ሲጨናነቁ ስፋቱ 64 ይሆናል። ጽሑፍ ስጽፍ ልዩነቱ ፈጽሞ አይሰማኝም፤ ሆኖም ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ስለሌለኝና የምስሉም ሥራ የሚጠቀመው በዚያው ራም ስለሆነ፣ ቪዲዮ ሳቀናብር መጎተቱ በግልጽ ይታያል።

ከዚህ ይልቅ ያሳሰበኝ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ነበር። ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የአንድ ቻናል መሞት ከፕሮሰሰሩም፣ ፕሮሰሰሩ ከሚቀመጥበት ሶኬትም፣ ከማቀዝቀዣው አለቅጥ መጥበቅም ሊመጣ ይችላል። ይባስ ብሎ ከጥቂት ወራት በፊት ቴርማል ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ) ስቀይር ፕሮሰሰሩን ከቦታው አንስቼው ነበር። ሶኬቱ 1,700 ደቃቅ ፒኖች አሉት፤ አንዷ ጎብጣ ከተገኘች አምራቹ ጉዳቱን ያደረስከው አንተ ነህ ብሎ ዋስትናውን ይነሳኛል፤ እውነትም ይኖረዋል። ከራሴ ሳልደብቅ ብጽፈው፣ አንድ ወር ያመነታሁት ጊዜ አጥቼ ሳይሆን ይህን ማየት ፈርቼ ነው።

ትናንት ማታ ፈታሁት። የስልኬን መብራት ከጎን አስጠግቼ፣ በካሜራው እያጎላሁ፣ ረድፍ በረድፍ አየሁ። ቀጥ ያሉ ፒኖች ብርሃኑን እኩል ይመልሱታል፤ የጎበጠች ካለች በመካከላቸው እንደ ወለቀ ጥርስ ትታያለች። አንድ ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ አይቼ ክው አልኩ፤ መብራቱን ሳዞር ግን የጣቴ ጥላ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ደግሞ ፕሮሰሰሩን ተመሳሳይ ሶኬት ባለው የወዳጄ ኮምፒውተር ላይ ገጥመን ስንሞክረው ሁለቱም ቻናሎች ያለ ችግር አነበቡ። ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ነው።

ስለዚህ እመልሰዋለሁ። የሚተካልኝ አዲስ ሳይሆን የታደሰ ቦርድ ሊሆን እንደሚችል በዋስትናው ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ ይህ ደስ ባይለኝም አራቱም ስሎቶቹ ያንብቡልኝ እንጂ ግድ የለኝም። ዲስኬ በቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስክ በሚቆልፍበት ፕሮግራም) የተቆለፈ በመሆኑ ቦርዱ ሲለወጥ ባለ 48 አኃዙን መክፈቻ ሊጠይቀኝ ይችላል፤ ከመፍታቴ በፊት ስድስት ስድስት አኃዝ እየቆጠርኩ ወረቀት ላይ ገልብጬ፣ ሁለት ጊዜ አመሳክሬዋለሁ።

ሶኬቱ ላይ የሚደረገውን የፕላስቲክ ክዳን ከካርቶኑ ግርጌ፣ ከደረሰኙ ጋር አገኘሁት። ያለ እሱ ቢላክ ያ ሁሉ የደኅና ፒን ፍተሻ መንገድ ላይ ከንቱ በሆነ ነበር። ከዚያም ቅጹ ላይ ስለ ብልሽቱ በሚጠይቀው ቦታ «ሦስተኛውና አራተኛው ስሎት አያነቡም» ብዬ ሞላሁ፤ ጥቂት አሰብኩና ፕሮሰሰሩን ከዚህ ቀደም አንስቼው እንደነበርም ከሥሩ ጨመርኩበት።