ካሜራው ከተዘጋ በኋላ

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው ስለ ጉጃራት ነው፤ ስለ ምዕራብ ሕንዷ ግዛት። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2002 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ጎድራ ላይ የባቡር ፉርጎ ተቃጥሎ 59 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ከአዮድያ የሚመለሱ የሂንዱ ተሳላሚዎች ነበሩ። በማግስቱ በሙስሊሞች ላይ የበቀል መዓት ወረደ። መንግሥት ራሱ ያመነው የሟቾች ቁጥር 790 ሙስሊምና 254 ሂንዱ ነው። ናሮዳ ፓቲያ በምትባል የአህመዳባድ ሰፈር ብቻ በአንድ ቀን 97 ሰው ተገደለ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሐሳቤን ይዞ ያስቀረው አንድ ጋዜጠኛ ነው፤ አሺሽ ኬታን። በ2007 ቴሄልካ ለተባለው መጽሔት ሲሠራ የሂንዱ ብሔርተኞችን የሚደግፍ ጸሐፊ መስሎ፣ ካሜራ ደብቆ፣ ገዳዮቹ ዘንድ ገባ። እነሱም አወሩለት። ሳያፍሩ። ባቡ ባጅራንጊ የተባለው የአክራሪዎቹ መሪ ናሮዳ ፓቲያ ላይ የሠራውን እንደ ጀብዱ ተረከለት።

ነፍሰ ገዳይ ወንጀሉን ይደብቃል ብለን ነው የምናስበው። መንጋ ሆኖ የገደለ ሰው ግን ከማን ይደበቃል? ጎረቤቱ አብሮት ነበር። የሚያመሰግነው እንጂ የሚወቅሰው የለም። አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ካልነካው ደግሞ ጭራሽ ይረሳዋል፣ ወንጀል መሆኑን። የሚያምረው አድማጭ ማግኘት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ዋሽቶ መግባቱስ? በጥቅሉ ድብቅ ካሜራ አይመቸኝም። ጉቦ አቅርቦ ተቀባዩን መቅረጽ፣ ለምሳሌ፣ ወንጀሉን ራስህ ደግሰህ ራስህ መክሰስ ይመስለኛል። እዚህ ግን ካሜራው የፈጠረው ነገር የለም። ሰዎቹ ሞተዋል፣ ፋይሉ አቧራ ለብሷል። የእሱ ውሸት የሌላውን ዝምታ ነው የሰበረው። ለዚህ እፈርምለታለሁ።

ችግሩ ጉረኛ ያጋንናል። ያልሠራውንም ሠራሁ ይላል። ስለዚህ ከቅጂው በላይ የማደንቀው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። የሕንድ ማዕከላዊ ምርመራ ቢሮ ቅጂው ያልተነካካ መሆኑን አረጋገጠ። ኬታን ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ። ዳኛ ጆትስና ያግኒክ ባጅራንጊ በካሜራው የተናገረውን ካመለጡት ሰዎች ምስክርነት ጋር አመሳክረው በ2012 በ32 ሰዎች ላይ ፈረዱ። ባጅራንጊ ዕድሜ ልክ፣ የቀድሞዋ የጉጃራት ሚኒስትር ማያ ኮድናኒ 28 ዓመት።

አላበቃም። በ2018 የጉጃራት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኮድናኒን በነጻ ለቀቀ፣ የባጅራንጊን ወደ 21 ዓመት አወረደ። በ2019 ባጅራንጊ ታምሜያለሁ ብሎ በዋስ ወጣ። 11 ሰው በተገደለበት በጎረቤት ሰፈር በናሮዳ ጋም ክስ ደግሞ፣ በ2023፣ ሁለቱም ከሌሎቹ ተከሳሾች ጋር ነጻ ተባሉ።

ሌላዋ ጋዜጠኛ ራና አዩብ ናት። በ2010 በሐሰት ስም ገብታ ባለሥልጣናትና ፖሊሶችን ቀዳች። የምትሠራበት ቴሄልካ አላወጣላትም። በ2016 በራሷ ወጪ መጽሐፍ አድርጋ አሳተመችው። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በአንድ የግድያ ክስ ላይ ሲጠቀስበት፣ በግምት ላይ የቆመ ነው፣ ማስረጃ አይሆንም አለ። ከኬታን ያነሰ ድፍረት ስለነበራት አይመስለኝም። የእሱ ቅጂ ተመርምሮ፣ ከምስክር ቃል ጋር ተመሳክሮ ነው የተመዘነው። የእሷ የደረሰው በመጽሐፍ መልክ ነው።

ምስክር ስል ደግሞ የቫዶዳራው ቤስት ቤከሪ ይመጣብኛል። 14 ሰው የሞተበት ዳቦ ቤት። በ2003 ምስክሮቹ ቃላቸውን ሲያጥፉ 21ዱም ተከሳሾች ወጡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሱን ከጉጃራት አውጥቶ ሙምባይ እንደገና እንዲታይ አዘዘ፣ በ2006 ዘጠኙ ተፈረደባቸው። በዚያው ዓመት ዋናዋ ምስክር፣ ቤተሰቧ እዚያ ያለቀባት ወጣት፣ ቃሏን እየቀያየረች ፍርድ ቤቱን በመድፈሯ አንድ ዓመት ታሰረች። በፍርሃት ነው የዋሸሁት ብላ ነበር መጀመሪያ። ሕጉ ሕግ ነው፣ እሺ። ይቺ ፍርድ ግን እስካሁን አልተዋጠችልኝም።