ሁለት ዩሮ ከሃምሳ የተባለችው ሙዳይ

ሰሞኑን አንዲት የአዳማ አብሮ አደጌ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። «ሆላንድ ቲቪ መንገድ ላይ ይጥላሉ የሚባለው እውነት ነው እንዴ? አንድ ኮንቴነር ሞልተሽ ላኪና ፍራንኮ ሰፈር ሱቅ እንክፈት።»

አዎ፣ ይጥላሉ። ሶፋም መስታወትም ይጥላሉ። ማዘጋጃ ቤቱ በቀጠሮ መጥቶ ይጭነዋል። መኪናው ሳይደርስ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የሚለቅም ሰውም አለ፤ ደቾች «ሞርገንስተር» ይሉታል፣ የአጥቢያ ኮከብ ማለት ነው። እኛ «ቁራሌው!» ሲል ከበር የምንመልሰውን ሰው እነሱ ኮከብ አሉት። ሮተርዳም የገባሁ ሰሞን እኔም ኮከብ ነበርኩ፤ ዝርዝሩ ይቅር።

ማውራት የፈለግኩት ስለ ሙዳይዋ ነው።

እዚህ «ክሪንግሎፕ» የሚባል የልባሽ ዕቃ ሱቅ አለ። ሰው ያልፈለገውን በነፃ ይሰጣል፣ ሱቁ በርካሽ ይሸጣል። ሰልባጅ ተራ በሉት፣ ግን ቦንዳ ሲፈታ የሚሰማው ጩኸት የለም፤ ቤተ መጻሕፍት የገባችሁ ይመስላችኋል። የሥራ ባልደረባዬ ሸሚዟን እያሳየች «ከክሪንግሎፕ ነው፣ አራት ዩሮ!» ብላ ትኮራለች። እኛ ሰፈር ሰልባጅ የለበሰ ሁሉ «ከዱባይ ተልኮልኝ» ነበር የሚለው። እናቴ ከቦንዳ የመረጠችልኝ ቀይ ጃኬት ነበረኝ። ኪሱ ውስጥ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት አገኘሁና ስንት ጊዜ አውጥቼ እያየሁ ባለቤቷን ፈጠርኩ፦ አንዴ ተማሪ፣ አንዴ ዘፋኝ። የሰፈር ልጆች ግን በአንድ ቃል ገላገሉኝ፦ «የሞተ ፈረንጅ ልብስ ነው!»

ለካ ያን ያህልም አልተሳሳቱም። እዚህ ብቻውን ተከራይቶ የሚኖር ሰው ሲሞት የኪራይ ውሉ ከሞተበት ቀጥሎ ባለው ሁለተኛ ወር መጨረሻ ላይ ያበቃል። እኛ የአርባውን ተዝካር አውጥተን ገና ሐዘንተኛ በምንጠይቅበት ጊዜ ልጆቹ ቤቱን ባዶ አድርገው ቁልፍ ማስረከብ አለባቸው። ዕድሜ ልክ የተሰበሰበ ዕቃ የት ይገባል? ክሪንግሎፕ። «ለምርጧ ኦማ» የሚል ኩባያ በሃምሳ ሳንቲም ተደርድሮ አያለሁ። ኦማ አያት ናት። የሰው አያት መደርደሪያ ላይ ትቼ መሄድ ስለማልችል አሁን ቤቴ አራት ኦማዎች አሉ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ ከአበባ ማስቀመጫዎች መሃል፣ ክዳኗ ያልጠፋ ሙዳይ ተቀምጣለች። «የአፍሪካ ቅርጫት፣ 2.50» የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል። ልቤ ዘለለ። ይዣት ወደ አሮጊቷ ካሸር ሄድኩና በልማድ አፌ አመለጠኝ፦ «ሁለት አይሆንም?»

ሃምሳ ሳንቲም ቸግሮኝ አይደለም። አዳማ ገበያ ላደገ ሰው ሳይከራከሩ መግዛት ሻጩን መናቅ ነው። እንዳይከብዳትም ፈገግ አልኩላት። እስከ ስምንት ዓመቴ ወንጂ ነው ያደግኩት፤ የዚያን አገር የጉድጓድ ውኃ የጠጣ ያውቀዋል፣ ፍሎራይዱ ጥርስ ላይ ቡናማ ማኅተሙን አሳርፎ ነው የሚለቀው። አሮጊቷ ጥርሴን አየች። ኮቴን አየች፤ እሱም ከዚያው ሱቅ የተገዛ ነው። እጇን እጄ ላይ አድርጋ፣ ለደንቆሮ እንደሚነገር ቀስ ብላና ጮክ አድርጋ «ውሰጂው የኔ ልጅ፣ አትክፈዪ» አለችኝ። ከባንኮኒው ስር ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ምግብ በነፃ የሚታደልበትን አድራሻ አወጣችልኝ። «ካልሲስ አለሽ?»

ከኋላዬ ማን ቢሰለፍ ጥሩ ነው? ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሐበሻ። ጣሪያውን ታያለች። ዘጠኝ ዓመት በቋሚነት የሠራሁ፣ ቀኑን ሙሉ በስልክ ደችኛ የማወራ ሰው ነኝ፤ ያን ሰዓት ግን «አመሰግናለሁ» ከማለት ሌላ ቃል ጠፋኝ። እሑድ ሦስት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሥራ እንዴት ነው?» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ሙዳይዋን አገላበጥኳት። የአክርማው ቀለም ደብዝዟል። ከንፈሯ አንድ ቦታ ተቀዶ ነበርና በሰማያዊ የሱፍ ክር ተጠግኗል። ሹራብ እንጂ ስፌት የማያውቅ እጅ ነው፣ ግን ታግሎ ጠግኗል። ውስጧ አንዲት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ቀርታለች።

አሳቤ ቀጥ ብሎ ወንጂ ገባ። የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ያቆመው ኤችቪኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው፤ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ፣ በ1967 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። እናቴ ስለ ሆላንዶቹ ቤቶችና እዚያ ስለሚሠሩት ሴቶች ስታወራ ነው ያደግኩት። እና እንዲህ ብዬ ፈጠርኩ፦ የአንዱ መሐንዲስ ሚስት በችኮላ ስትሸክፍ ምግብ አብሳይዋ ሙዳይዋን ሰጠቻት። እሷም አርባ ዓመት ቁልፍ አስቀመጠችባት፣ ስትቀደድ ከሹራቧ በተረፈ ክር ሰፋቻት፣ ሞተች፤ ልጆቿም «የአፍሪካ ቅርጫት» ብለው ሰጧት። ወይም ደግሞ አንድ ቱሪስት ከአዲስ አበባ ገዝቷት ይሆናል። የመጀመሪያውን ነው የማምነው።

ለእናቴ በቪዲዮ አሳየኋት። «ገልብጪያት» አለች። ካሜራው ላይ ተጠግታ አየችና «ለገበያ የተሰፋች አይደለችም፣ ለገበያ የሚሰፋ እንዲህ አይጠብቅም። ግን የማን እንደሆነች ሳታውቂ ቤትሽ አስገባሻት? ጠበል እርጪባት።» የአያቴ ሙዳይ የት ደረሰች ብላት ዝም አለች። ኋላ ላይ «አሮጌ ጫማ ላይ ደርቤ ለልዋጭ ሰጠኋት። የፕላስቲክ ጆግ ወሰድኩባት፣ እሱም ወዲያው ተሰነጠቀ።»

ልትመጡ ያሰባችሁ፣ ይኼን ስሙኝ። የሻንጣችሁን ሃያ ሦስት ኪሎ በርበሬ ብቻ አትሙሉት፣ በርበሬ እዚህም ይሸጣል። ልዋጭ ጋር ሊሄድ የተዘጋጀውን ዕቃ አንድ ጊዜ አገላብጣችሁ እዩ። ዋጋ ተጽፎ ባያችሁበት ቦታ አፋችሁን ያዙ። አንቺም እህቴ፣ የኮንቴነሩን ነገር ተይው፤ ልባሽ ጨርቅ ማስገባት ክልክል ነው፣ ሁላችንም ክልክሉን ለብሰን ያደግን ብንሆንም።

በነፃ መውሰዴን ስነግራት ደግሞ እናቴ አልሳቀችም። «የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል? ሂጂና ክፈያት፣ እጅሽም ባዶ አይሁን።»

በሳምንቱ ቅዳሜ ሁለት ዩሮ ከሃምሳና አንድ ከረጢት ቆሎ ይዤ ሄድኩ። ሥራ እንዳለኝ፣ ሙዳይዋም የአገሬ ዕቃ መሆኗን አስረዳኋት። አሮጊቷ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ፣ ሳንቲሙን ሳጥን ውስጥ ከተተች፣ ቆሎውን አየችና «ለወፍ ነው?» አለችኝ።

«ለሰው ነው» አልኳት። ቆረጠመች፣ ደነቃት። ከዚያ ጎንበስ አለችና ከባንኮኒው ስር አንድ ፌስታል አወጣች። ራሷ የሠራቻቸው ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲዎች ናቸው፤ ላንቺ ብዬ አስቀምጬ ነበር አለች።

ወሰድኳቸው። ምን ላድርግ፣ ይሞቃሉ።